ስሙን ያልለቀቀ ቡድን



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። በመሐመድ ሞጌ ሰፈራችን ግን መልአኩ ሳይደርስ ጠቡ ቀደመ። እንደምታውቁት የልጆቻችን የእግር ኳስ ቡድን ባለፈው ወር በስም ምክንያት ለሁለት ተከፍሏል። ግማሾቹ ቡድኑ ባደጉበት ወንዝ ስም ይጠራ አሉ። ግማሾቹ ደግሞ «ያ ወንዝ የእናንተ እንጂ የእኛ አይደለም፤ የእኛስ ተራራ ምን በደለ?» ብለው መለሱ። በወንዝና በተራራ የተጀመረው ክርክር ቀስ በቀስ ማን ከየት መጣ፣ ማንስ ማንን አሰደደ ወደሚለው ተሻገረ። ይህን ደግሞ ልጆቹ ከሜዳ አልተማሩትም፤ ከእኛ ከታላላቆቻቸው፣ ከየቤቱ የሰሙት ነው። እነሆ ሦስት ዓርብ አለፈ። በሜዳው ላይ ከፍየልና ነፋስ ከሚያንከባልለው ፌስታል በቀር የሚሮጥ የለም። ኳሱም አንድ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል። የማን ቤት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁና አንጽፈውም።

ሽማግሌዎቻችን «እናንተ መምህራን ናችሁ፤ ልጆቹም ይሰሟችኋል፤ ፍረዱ» ብለውናል። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን ከተማርነው ሁሉ በሥራ ላይ የጠቀመን አንድ ነገር ቢኖር ግን ይህ ነው፤ ልጆች ሲጣሉ «ማን ጀመረ?» ብሎ መጠየቅ ጠቡን ያረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም። የሌላ ሰው ታሪክ ብትነግራቸው ግን ራሳቸውን በዚያ ውስጥ ያዩና ራሳቸው ይፈርዳሉ። ስለዚህ መፍረዱን ለጊዜው ትተን የአንድ የጥንት የወጣቶች ቡድን ታሪክ ልንጽፍላችሁ ተነሣን። ዓ.ም. ያልነው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ያልነው በፈረንጁ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በአዲስ አበባ፣ በ1928 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በአገራችን ኮሌጅ የሚባል ገና አልነበረም። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው ከዚያ በኋላ በ1943 ዓ.ም. ነውና። በዘመናዊ ትምህርት አንቱ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የከፈቱት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነበሩ። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ ነገ ለመንግሥት ሥራ ወይም ለውጭ አገር ትምህርት የሚታጭ ወጣት የሚገኘው በእነዚህ ቅጥሮች ውስጥ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን ስለ ተማሪ ቡድን ሲነሣ የኮሌጅ ቡድን እንደ ማለት ይቆጠር።

የተፈሪ መኮንንን ትምህርት ቤት መጀመሪያ የመሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። እርሳቸው ራሳቸው የስደት ልጅ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱ ጊዜ ሕፃን ሆነው ተገኝተው፣ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወስዶ አሳደጋቸው። ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሕክምና ተመርቀው፣ ጎልምሰው፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ወርቅነህ የሚለውን ስማቸውን መልሰው ያዙ። ስለ ስም ልናወራ ነውና ይህችን ነገር ልብ በሏት፤ ወደ በኋላ ትመለሳለች።

በዚያን ዘመን የእግር ኳስ በአዲስ አበባ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ጨዋታ ነበር። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣልያኑ እርስ በርሱ ይጫወታል። የእኛ ሰው ጨዋታ ገና ነበር፤ ጉግስ ነበር። ሆኖም ልጅ ልጅ ነው፤ ኳስ ሲንከባለል ዐይቶ ዝም ብሎ መቆም አይችልም። ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ በባዶ እግሩ የጫማ ለባሾቹን ጨዋታ መኮረጅ ጀመረ። እናንት የዛሬ ልጆች በካልሲ የምትሠሩት ኳስ የዚያው ዘር ነው።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ሁለት ወጣቶች አንድ ቡድን መሠረቱ። የአንዱ ስም አየለ አትናሽ ነው፤ የሌላው ጆርጅ ዱካስ። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቧቸው። አየለ የሐበሻ ስም ነው፤ ዱካስ የግሪክ ስም ነው። ዛሬ በሰፈራችን እንደሚባለው ማን ከየት መጣ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ በአንድ መዝገብ ላይ ባልሰፈሩም ነበር። ቡድኑን በተመሠረተበት በአራዳ፣ በዚያ በቆመው ደብር ስም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት።

ስሙ እንዲሁ የመጣ እንዳይመስላችሁ። የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። ታቦቱም ከዘማቹ ጋራ ወርዶ ነበር። የአራዳው ደብር የዚያ ድል መታሰቢያ ሆኖ ኖሯል። በ1928 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰው «ጊዮርጊስ» ሲባል ዐድዋን ሳያስብ አይቀርም፤ ምክንያቱም በዚያው ዓመት ጣልያን ለበቀል ተመልሶ መጥቶ ነበር።

እስቲ ወራቱን እንቁጠራቸው። የሙሶሊኒ ጦር ወሰን ተሻግሮ የገባው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 26 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት የደሴ ከተማ ከአይሮፕላን በቦምብ ተደበደበች። ታኅሣሥ ገባ፤ ቡድናችን ተመሠረተ። በዚያው በታኅሣሥ ወር በተከዜ ግንባር የጣልያን አይሮፕላኖች የመርዝ ጢስ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ ማዝነብ ጀመሩ። አንድ አገር በአንድ ወር ውስጥ፣ በአንድ በኩል ወንዙ ሲመረዝበት፣ በሌላ በኩል ልጆቹ የኳስ ቡድን ሲያቋቁሙ ማለት ነው።

አንዳንዱ አንባቢ «ምን ዓይነት ልበ ደረቅ ወጣቶች ናቸው? አባቶቻቸው እየሞቱ እነርሱ ኳስ!» ይል ይሆናል። እኛም የመምህርነትን ሥራ ባናውቅ ኖሮ እንዲሁ ባልን ነበር። ነገር ግን እኛም ያስተማርንበት አገር በጦርነት ሲታመስ ዐይተናል። የመድፍ ድምፅ ከሩቅ እየተሰማ የስምንተኛ ክፍል ልጆች እጃቸውን አውጥተው «ጋሼ፤ ፈተናው ይቀራል ወይስ አይቀርም?» ብለው ጠይቀውናል። ያን ጊዜ ተቆጥተን ነበር። ኋላ ላይ፣ መንገድ ላይ ሆነን ስናስበው ነው የገባን። ልጆቹ የጠየቁን ስለ ፈተና አልነበረም፤ ነገ የሚባል ቀን አለ ወይ ብለው ነው። ፈተና ካለ ነገ አለ። ግጥሚያ ካለ የሚመጣ እሑድ አለ። በጦርነት መካከል ቡድን የሚያቋቁም ወጣት ጦርነቱን የረሳ አይደለም፤ ከጦርነቱ በኋላ ስለሚመጣው ቀን መያዣ የሚያስይዝ ነው።

ከቡድኑ ልጆች አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ይባላል። የተፈሪ መኮንን ተማሪ ነበር። የተወለደው በ1914 ዓ.ም. በጅማ ስለሆነ ቡድኑ ሲመሠረት ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በዜማቸው የታወቁት፣ ወደ ጀርመን አገር ተልከው በነበረ ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የሆኑት እርሳቸው ናቸው። የድምፃዊ ልጅ ኳስ ተጫዋች ሆነ። ለዚያ ቡድንም 23 ዓመት ተጫወተ።

የዚያ ዓመት የጨዋታ ዘመን ግን ብዙ አልቆየም። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ሠራዊቱ ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አዲስ አበባ በዘረፋና በቃጠሎ ጠፋች። ሚያዝያ 27 ቀን የጣልያን ጦር ከተማይቱን ያዘ። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ አራት ወር ያህል ነው። ልጆቹ ቡድናቸውን አቋቁመው ገና ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ አገራቸው ከእግራቸው ሥር ተነጠቀች።

በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን በአዲስ አበባ የተደረገውን እልቂት ሁላችሁም ትሰማላችሁ። በተለይ ፊደል የቆጠረውን ወጣት ፋሽስቶቹ እየለቀሙ ገደሉት። ቀደም ብለን የጠቀስናቸው የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ በዚያን ጊዜ ከተገደሉት መካከል ናቸው። አባትየው በሕፃንነታቸው ተወስደው፣ ስማቸውን መልሰው ይዘው፣ አገር ሊያስተምሩ መጡ፤ ልጆቻቸው ግን በመማራቸው ሞቱ። ከዚያ ወዲያ የአገሬው ልጅ ከጥቂት ዓመት በላይ እንዳይማር፣ ለአገልጋይነት የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲያውቅ ተወሰነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። ጣልያኖች ኳስን አልከለከሉም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ገዥ የሆነ ሁሉ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ደስ ይለዋል፤ ሌላ ነገር ከሚያስቡ ይሻላልና። የከለከሉት መገናኘትን ነው። ጥቁሩ ከነጩ ጋራ በአንድ ሜዳ እንዳይሰለፍ ደነገጉ። ለ«አገሬው» የተለየ የስፖርት አስተዳደር፣ የተለየ ውድድር አበጁለት። ቀጥለውም ስሙን ለወጡ። ቅዱስ ጊዮርጊስ መባሉ ቀርቶ «ሊቶርዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ሊቶርዮ የፋሽስቶቹ ዓርማ ከሆነው፣ በምሳር ዙሪያ ከታሰረው የበትር ነዶ የተገኘ ስም ነው። ውቤ ሰፈር ደግሞ የሠፈር ስም ነው። በአንድ በኩል የጌታውን ምልክት ደረቱ ላይ ለጠፉበት፤ በሌላ በኩል ከአገር አውርደው የአንድ ሠፈር ልጅ ብቻ አደረጉት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። ሰውን ማሳነስ የፈለገ ሁሉ የሚያደርጋቸው ሁለት ነገሮች እነዚሁ ናቸው። መጀመሪያ ከሌላው ጋራ እንዳትገናኝ ያደርግሃል። ቀጥሎ ራስህን የምትጠራበትን ስም እርሱ ያወጣልሃል።

አምስት ዓመት ሙሉ የማስታወቂያው ወረቀት ሊቶርዮ አለ። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ግን ሊቶርዮ የሚል ቡድን አዲስ አበባ ላይ አልተገኘም። የተገኘው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። አምስት ዓመት በማንም አፍ ያልተጠራ ስም በአንድ ጀንበር ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ልጆቹ ስሙን በአፋቸው ባይሆን እንኳ በሆዳቸው ሲጠሩት ኖረዋል ማለት ነው። ሜዳ አልነበራቸውም፤ ሜዳው የሌላ ሰው ነበር። ማልያ አልነበራቸውም፤ ማልያው የሌላ ሰው ነበር። ትምህርት ቤታቸውም ከእጃቸው ወጥቷል። የራሳቸው ሆኖ የቀረው ስሙና እርስ በርስ መተዋወቃቸው ብቻ ነበር። ያም በቃ።

እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ተደረገ። እንግዲህ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የተጀመረው የጨዋታ ዘመን በእውነት የቀጠለው በ1936 ዓ.ም. ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በሌላው አገር አንድ የጨዋታ ዘመን ዘጠኝ ወይም ዐሥር ወር ይፈጃል። የእነዚህ ወጣቶች ግን ስምንት ዓመት ፈጀ።

በዚያ ውድድር የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፤ ፎርቲቱዶ የጣልያኖች፤ አራራት የአርመኖች፤ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፤ አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነው። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ይህን አንደብቅም፤ ታሪክ ስንጽፍ የእኛ ያልሆነውን ዋንጫ ለእኛ አንሰጥም። ነገር ግን ከዋንጫው የሚበልጥ አንድ ነገር በዚያ ሜዳ ላይ ነበር። ከጥቂት ዓመት በፊት «ከጥቁር ጋራ አንሰለፍም» ብሎ ሕግ ያወጣው ወገን ልጆች በዚያው ከተማ፣ በአንድ ሕግ፣ በአንድ ዳኛ ፊሽካ ከጊዮርጊስ ጋራ ተሰለፉ። በቀል የፈለገ ሰው ጣልያኖቹን ከውድድሩ ማስወጣት ይችል ነበር። አላስወጣቸውም፤ በመርሐ ግብሩ ውስጥ አስገባቸው።

ስለ አራራትም ጥቂት እንበል፤ ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበን እርሱ ነውና። አራራት ተራራ ነው። ለአርመኖች እንደ እናት የሚታይ ተራራ ነው፤ ነገር ግን በሌላ መንግሥት ወሰን ውስጥ ቀርቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ በቱርክ በተፈጸመባቸው እልቂት የተረፉት በዓለም ሁሉ ተበተኑ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም ወላጆቻቸው የተገደሉባቸውን አርባ ልጆች አገኙ። ልጆቹ የሙዚቃ መሣሪያ ይነፉ ነበር። ራስ ተፈሪም ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። የአገራችን ሰው «አርባ ልጆች» አላቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያን የንጉሠ ነገሥት መዝሙር ዜማ የደረሰ እርሱ ነው። አስቡት፤ አገር ያጣ ስደተኛ ለተቀበለው አገር መዝሙር ሠራለት። የወገኖቹም የኳስ ቡድን ያጡትን ተራራ ስም ደረቱ ላይ ይዞ በአዲስ አበባ ሜዳ ሮጠ። ማንም «ያ ተራራ የእናንተ እንጂ የእኛ አይደለም» አላላቸውም።

ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ1942 ዓ.ም. ነው። ከተመሠረተ በዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። ልጆቻችን ሁለት ጊዜ በተሸነፉ ቁጥር ቡድን ማፍረስ ስለሚቀናቸው ይህን ቁጥር በመዝገባቸው ሽፋን ላይ ቢጽፉት ደስ ይለናል።

ይድነቃቸው ተሰማ የት ደረሰ? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ሲመሠረት አገራችን ከአራቱ መሥራቾች አንዷ ነበረች፤ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። ሌሎቹ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ «ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እልካለሁ፤ አልቀላቅልም» አለች። ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም ወጣች። ግጥሚያዋ ከኢትዮጵያ ጋራ ስለነበር ቡድናችን በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈ፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1987 ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኖ ያን የዘር አገዛዝ ታገለ። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ1976 ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አሰናበተ። ነገሩን ከመጽሐፍ አልተማረውም። በልጅነቱ ከነጭ ጋራ አትሰለፍም የተባለ ሰው ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። ይድነቃቸው ከአሠልጣኞቹ አንዱ ነበር። የመጨረሻዋን ጎል ያገባው የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። ሉቻኖና ወንድሙ ኢታሎ ከጣልያን አባትና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ የተወለዱ ናቸው፤ በዚያ ፍጻሜ ሁለቱም ጎል አግብተዋል። የአየለና የዱካስ ስም ጎን ለጎን የሰፈረበት መዝገብ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቶ ይህን ወለደ። የሚያሳዝነው ግን ያ ዋንጫ ያነሣ አምበል ከአብዮቱ በኋላ እርሱም እንደ እኛ ተሰደደ። እ.ኤ.አ. በ2022 በጣልያን አገር አረፈ።

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የምንኖርበት ቦታ መሐመድ ሞጌ ይባላል። መሐመድ ሞጌ ማን እንደነበር ከልጆቻችን ስንቶቹ ያውቃሉ? የሶማሊ ድምፃዊ ነበር። የዚያድ ባሬን አገዛዝ ከሚታገሉት ጋራ ተሰልፎ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ይህች ሐርጌሳ በአይሮፕላን ተደበደበች፤ ሕዝቧም በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። የሐርቲሼኽ ካምፕ በዚያን ጊዜ ተከፈተ፤ የተዘጋውም እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ዛሬ ውኃ የሚሸጡልን፣ ኪራይ የሚጠይቁን፣ አንዳንዴም የሚቆጡን ሰዎች ብዙዎቹ በእኛ አገር ድንኳን ውስጥ ያደጉ ናቸው። ሲመለሱ ሠፈሩን በሞተ ዘፋኝ ስም ጠሩት። እኛም በዚያ ስም ተጠልለን እንኖራለን። ከወንዙም ከተራራውም በፊት ይህን ስም ልጆቻችን ቢያውቁት መልካም ነበር።

አሁን ሽማግሌዎች ወደጠየቁን ፍርድ ደረስን። ሳናውቀው ፈርደን ይሆናል።

አንዱ ወገን «ታሪኩን ስትነግሩን አርመኑ ለብቻው፣ ግሪኩ ለብቻው ቡድን ነበረው አላችሁ። እኛም ለየብቻችን ብንሆን ምን ነውር አለበት?» ቢል ትክክል ነው። ነውር የለበትም። በወንዝ ስም አንድ ቡድን፣ በተራራ ስም ሌላ ቡድን ይቋቋም። አራራት አራራት በመባሉ ማንንም አልጎዳም። እርሱ ስሙን ይዞ የመጣው ከጊዮርጊስ ጋራ ሊጫወት ነው። የጣልያን ገዥዎች ግን የተለየ ቡድን ያበጁት እንዳይጫወቱ ነው። ሁለት ቡድን ለመጋጠም ያስፈልጋል፤ አንድ ብቻውን ግጥሚያ አያደርግምና። ኳሱን ቆልፎ ሜዳውን ባዶ ያስቀረ ግን የወንዙንም የተራራውንም ስም አላከበረም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ልጆቹ ስማቸውን ራሳቸው ያውጡ። እኛ ታላላቆች ከኋላ ሆነን አንንገራቸው። የእኛን ጠብ በእነርሱ ማልያ ላይ አንጻፍ።

ሁለተኛ፣ የትኛውም ስም ይውጣ፣ አንዱ ከሌላው ጋራ ይጫወት። ተጫዋች የጎደለው ከሌላው ይዋስ። ይዋሳሉም፤ ከሁለቱም ወገን ዐሥራ አንድ የሚሞላ የለም። ከባሕሩ ማዶ ለመሻገር ብሎ በታህሪብ የሄደው በረኛችን ቦታው እስከ ዛሬ ባዶ ነው። እናቱ ስልኩን በየማታው ትሞክራለች። ሁለቱ ቡድኖች በሌላ በሌላው ባይስማሙ እንኳ የእርሱን ቦታ ለማን እንስጥ ብለው መነጋገር ይኖርባቸዋል።

ሦስተኛ፣ መዝገብ ይያዝ። አንድ ደብተር ከእኛ ዘንድ አለ፤ ለዚሁ እንሰጣለን። የተጫዋቹ ስም፣ ቀኑ፣ ውጤቱ ይጻፍበት። የተሸነፈውም ይጻፍ። የበረኛው ስም ከመጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን፤ ከጎኑ «በመንገድ ላይ» ብለን እንጽፍለታለን። በዚህ ካምፕ እያንዳንዳችን በብዙ ወረቀት ላይ ተጽፈናል፤ በቁጥር፣ በአሻራ፣ በፎቶግራፍ። በዚያ ደብተር ላይ ግን አጥቂ፣ ተከላካይ፣ አምበል ተብለን እንጻፋለን። የአየለና የጆርጅ ስም ለእኛ የደረሰው እንዲህ ያለ ነገር ስለተያዘ ነው።

የፊታችን ዓርብ ከጸሎትና ከስግደት በኋላ፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ በዐሥር ሰዓት ሜዳ ላይ እንገኛለን። ጠጠሩን ለመልቀም መጥረጊያና ማዳበሪያ ከረጢት ያለው ይዞ ይምጣ። ፊሽካውን እኛ እናመጣለን። ኳሱን ደግሞ የቆለፈበት ሰው ያውቃል። ቁልፉን በልጅ ቢልከው እንኳ ማን ላከው ብለን አንጠይቅም።

ይህን ገጽ ያነበበ ለጎረቤቱ ያሳልፍ፤ ማንበብ ለማይችል ጮክ ብሎ ያንብብለት። ቸር ይግጠመን።